አስቸጋሪ ብርሃን ባለበት ስፍራ የንግድ ዕቃን ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

በአልዩ አምባ ገበያ ምሳሌነት ለነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

ገዢ የሚገዛውን ዕቃ በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ፣ እህልም ከሆነ በጥርሱ ቆርጥሞ መግዛቱ የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ ግን ሻጭና ገዢ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተራርቀው ስለሚዋዋሉ፣ ከናሙናው አስቀድሞ ለገዢው የሚደርሰው የዕቃው ፎቶግራፍ ሆኗል። ዕቃው በጎ ሆኖ ሳለ ፎቶግራፉ የከፋ እንደ ሆነ ዋጋው ይወድቃል፤ ዕቃው ተራ ሆኖ ሳለ ፎቶግራፉ አሳምሮ ያሳየው እንደ ሆነ ደግሞ ጭነቱ ከደረሰ በኋላ ጠብ ይነሣል። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው የነጋዴው ስም ነው።

ለዚህ ነገር ቀላል ምሳሌ የሚሆነው የጤፍ ንግድ ነው። ማኛው፣ ነጩ፣ ሰርገኛውና ቀዩ ጤፍ በመጀመሪያ እይታ የሚለዩት በቀለማቸው ነው፤ ዋጋቸውም ቀለማቸውን ይከተላል። አንድ ነጋዴ 40 ኩንታል ነጭ ጤፍ ይዞ፣ በሰማያዊ ላስቲክ ጥላ ሥር ቆሞ በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ አዲስ አበባ ላለ ገዢ ቢልክ፣ ጤፉ በሥዕሉ ላይ ዐመድማ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ገዢው «ይህ ሰርገኛ ነው» ብሎ ለስሌት ያህል በኩንታል 500 ብር ቢቀንስበት፣ የነጋዴው ጉዳት 20,000 ብር ይሆናል። በዚህ ሁሉ መካከል ጤፉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ያረፈበት ብርሃን ብቻ ነው።

እንግዲህ ነጋዴው የፎቶግራፍ ባለሙያ መሆን ባይጠበቅበትም፣ ሚዛንና ቁና እንዴት እንደሚሠራ ማወቁ እንደሚገባው ሁሉ፣ ካሜራው ብርሃንን እንዴት እንደሚመዝን ማወቁ ግድ ነው። ይህ ትምህርት አንድ ከተማ እንደ ምሳሌ ወስዶ፣ ብርሃን በሚያስቸግርባቸው ጊዜያት ምን ማድረግ እንደሚገባ በየተራ ይገልጻል።

አልዩ አምባና ብርሃኗ

አልዩ አምባ ከአንኮበር በስተምሥራቅ፣ ከታላቁ ገደል በታች የተቀመጠች ጥንታዊት የገበያ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት ከታጁራ ወደብና ከሐረር በኩል በአፋር ቆላ አቋርጠው የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ጨውና የባሕር ማዶ ጨርቅ የሚያራግፉባት፣ ከሸዋ የሚወጣውንም ዕቃ የሚጭኑባት የንግድ በር ነበረች። አርጎባው፣ አማራው፣ አፋሩና ሐረሬው በአንድ ገበያ ተገናኝተው ይገበያዩባት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ሐሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጓድ በዚሁ መንገድ ወደ አንኮበር ወጥቶ፣ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋውሏል። ከጓዱ ጋር የነበረው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትስ የሸዋን ተራራና ሰው በእርሳስና በቀለም ሥሎ፣ ሥዕሎቹን እ.ኤ.አ. በ1852 በመጽሐፍ አሳትሟል። የፎቶግራፍ ጥበብ በፓሪስ ለሕዝብ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1839 ገና ከሁለት ዓመት በፊት ስለ ነበር፣ ያ ሠዓሊ ብርሃንን የሚመዝነው በዓይኑና በእጁ ነበር። ፊልም የማያስፈልገውን የመጀመሪያ ዲጂታል ካሜራ የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን የሠራው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ ያ መሣሪያ 3.6 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ሲሆን፣ አንዲት ጥቁርና ነጭ ሥዕል በካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሰከንድ ይወስድበት ነበር። ዛሬ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ መሣሪያ በእያንዳንዱ ነጋዴ ኪስ ውስጥ ይገኛል። ዳሩ ግን መሣሪያው ቢሻሻልም የብርሃን ጠባይ አልተለወጠም።

የአልዩ አምባ ብርሃን ለተማሪ ጥሩ አስተማሪ ነው። ከተማዋ በምሥራቅ በኩል ወደ አፋር ቆላ የተከፈተች ስለ ሆነች፣ የጧት ፀሐይ ዝቅ ብላ በቀጥታ ትገባባታለች። በምዕራብ በኩል የአንኮበር ተራራ ስለ ቆመ ደግሞ፣ ፀሐይ ከሜዳ አገር ይልቅ ቀድማ ከገደሉ ጀርባ ትሸሸጋለች። ከላይ ደጋው ጉም ሲለብስ ከታች ቆላው በሐሩር ጭጋግ ይሸፈናል። በገበያው ውስጥ ደግሞ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የላስቲክ ዳስና ጨለማ መደብር ጎን ለጎን ይገኛሉ። በአንድ የገበያ ቀን ይህን ሁሉ ብርሃን አሸንፎ ፎቶግራፍ ማንሣት የቻለ ሰው፣ በመርካቶም ሆነ በደብረ ብርሃን አይቸገርም።

1ኛ፤ ካሜራ ብርሃንን የሚመዝንበት መንገድ

ማንኛውም ዲጂታል ካሜራ የሥዕሉን ንጣትና ጥቁረት በሦስት ነገሮች ይወስናል። የመጀመሪያው ብርሃን የሚገባበት የሌንስ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ ሁለተኛው መዝጊያው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ ሦስተኛው አይ ኤስ ኦ የተባለው ቁጥር ሲሆን፣ የተቀበለው ብርሃን ምን ያህል ጎልቶ እንዲታይ እንደሚደረግ ያመለክታል። ከነዚህ ከሦስቱ በአንዱ ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ወይም በግማሽ ሲቀንስ፣ ባለሙያዎች አንድ ስቶፕ ተለወጠ ይላሉ። በአብዛኞቹ ስልኮች የሌንሱ ቀዳዳ ስለማይለወጥ፣ ስልኩ የሚሠራው በቀሩት በሁለቱ ነው።

የችግሩ ሥር ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። የካሜራው መለኪያ ነጭ ጤፍና ጥቁር ባና ለይቶ አያውቅም። የተሠራው በፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ እንዲገምት ነው፤ ይኸውም ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 18 እጅ ያህሉን የሚመልስ ግራጫ ነው። ስለዚህ ሥዕሉን ነጭ ጤፍ ወይም ነጭ ሸማ የሞላው እንደ ሆነ፣ ካሜራው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንስና ነጩን ዐመድማ ያደርገዋል። ሥዕሉን ጥቁር የመንዝ ባና የሞላው እንደ ሆነ ደግሞ «ብርሃኑ አነሰ» ብሎ ይጨምርና ጥቁሩን የደበዘዘ ግራጫ ያደርገዋል። አዳዲሶቹ ስልኮች ይህን ግምት በራሳቸው ለማረም ቢሞክሩም ሁልጊዜ አይሳካላቸውም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በካሜራው ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ አለ፤ በስልክ ላይ ደግሞ ዕቃው የሚታይበትን ቦታ በጣት ሲነኩት፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት የፀሐይ ምልክት ብዙ ጊዜ ይወጣል። ለነጭ ዕቃ ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ስቶፕ ይደመራል፤ ለጥቁር ዕቃ በዚያው መጠን ይቀነሳል። ለጀማሪ ነገሩ የተገላቢጦሽ መስሎ ይታየዋል፤ ይኸውም ነጭ ለሆነው ብርሃን መጨመር፣ ጥቁር ለሆነው መቀነስ ነውና። ምክንያቱ ግን ካሜራው የተሳሳተበትን መንገድ መልሶ ማቃናት ስለ ሆነ ነው።

ሲደምሩ ግን ልክ አለው። በዲጂታል ካሜራ ከልክ በላይ ነጥቶ የጠፋ የሥዕል ክፍል በኋላ ተመልሶ አይገኝም፤ የጨለመው ክፍል ግን በመጠኑ ሊቃና ይችላል። ስለዚህ ሂስቶግራም የተባለው የብርሃን መዝገብ በካሜራው ላይ ካለ መመልከት ይገባል። በቀኝ ጠርዝ ተጣብቆ የቆመ ቁልል ከታየ የሸማው ድርና ማግ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ጥቂት ቀንሶ እንደገና ማንሣት ያስፈልጋል።

2ኛ፤ የቀትር ፀሐይና ጥላ

አልዩ አምባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ምክንያት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ይኸውም በሚያዝያ 7 ቀንና በነሐሴ 22 ቀን ገደማ፣ ፀሐይ በቀትር ላይ በትክክል ከአናት በላይ ትቆማለች። በነዚህ ወራት በስድስት ሰዓት የተነሣ ፎቶግራፍ የሰውን ዓይን በግንባሩ ጥላ ይሸፍናል፤ የጆንያውን አፍ አንጥቶ ሆዱን ያጨልማል። በታኅሣሥ ወር ግን ፀሐይ በቀትርም ቢሆን ወደ ደቡብ ያዘነበለች ስለ ሆነች ጥላው የተሻለ ነው።

ለዕቃ ፎቶግራፍ ከሁሉ የሚመረጠው ክፍት ጥላ የሚባለው ነው፤ ይኸውም ፀሐይ በቀጥታ ሳታርፍበት የሰማይ ብርሃን በሰፊው የሚደርሰው ስፍራ ነው። በአልዩ አምባና በአካባቢዋ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ባለው ጊዜ የቀትር ጥላ የሚገኘው በቤቱ ሰሜን ግድግዳ በኩል ነው፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግን ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምታልፍ ጥላው በደቡቡ ግድግዳ በኩል ይሆናል። ይህን ያወቀ ነጋዴ በማንኛውም ወር ለዕቃው የሚሆን ስፍራ ከመደብሩ ጎን አያጣም።

ጥላ ፈጽሞ ባልተገኘ ጊዜ፣ ሁለት ሰዎች ስስ ነጠላ ዘርግተው በዕቃው ላይ ቢይዙ፣ ነጠላው ብርሃኑን አለዝቦ እኩል ያዳርሰዋል። ነጠላው ነጭ መሆን አለበት፤ ባለ ቀለም ጨርቅ የራሱን ቀለም በዕቃው ላይ ይጥላልና።

የዕቃውን ሸካራነት ማሳየት የተፈለገ እንደ ሆነ፣ ለምሳሌ የባናን ጠጉር ወይም የሸማን ጥልፍ፣ የሚሻለው ከጎን የሚመጣ ዝቅተኛ ብርሃን ነው። ለዚህ ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ የተመቸ ነው። ይህን ሥራ ለማታ የሚያስተላልፍ ነጋዴ ግን ተራራው ፀሐዩን ቀድሞ እንደሚወስድበት አይርሳ።

3ኛ፤ ከበስተኋላ የሚመጣ ብርሃን

በመደብር ውስጥ የሚነሣ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በበራፉ ምክንያት ነው። ነጋዴው ከውስጥ ቆሞ፣ ዕቃውን ወይም ባለመደብሩን በበሩ ፊት አቁሞ ሲያነሣ፣ ከውጭ የሚገባው ብርሃን ካሜራውን ያታልለዋል፤ በሩ በደንብ ሲታይ ሰውየውና ዕቃው ጥቁር ጥላ ሆነው ይቀራሉ።

ምክንያቱ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ነው። በፀሐይ ላይ ያለው ብርሃን 100,000 ሉክስ ገደማ ሲሆን፣ በአንድ አምፖል በሚበራ መደብር ውስጥ ያለው 100 ሉክስ ያህል ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ አንድ ሺህ እጥፍ ነው፤ ይኸውም አሥር ስቶፕ ገደማ ማለት ነው። የሰው ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ራሱን ስለሚያለማምድ ሁለቱንም ያያል፤ ካሜራው ግን በአንድ ጊዜ ይህን ሁሉ መሸከም ያቅተዋል።

የመጀመሪያው መፍትሔ ገንዘብም መሣሪያም አይጠይቅም፤ አንሺው ቦታ ይለውጥ። ዕቃው ወደ በራፉ ቀርቦ ፊቱን ወደ ብርሃኑ ቢያዞር፣ አንሺውም ጀርባውን ወደ በሩ ሰጥቶ ትንሽ ወደ ጎን ቢቆም፣ ያው ጠላት የነበረው ብርሃን ወዳጅ ይሆናል። ከበራፍ ወደ ውስጥ አንድ ክንድ ያህል ገባ ያለ ስፍራ፣ ከብዙ ስቱዲዮ የሚተካከል ልዝብ ብርሃን አለው።

ቦታ መለወጥ የማይቻል ሲሆን፣ የዕቃውን ምስል በስልኩ ላይ ተጭኖ በመያዝ መለኪያውን በዕቃው ላይ ማጽናት ይገባል፤ በዚህ ጊዜ በሩ ነጥቶ ይጠፋል፣ ነገር ግን ለሽያጭ የቀረበው በሩ ስላልሆነ ጉዳት የለውም። ከዕቃው ፊት ነጭ ካርቶን ወይም የታጠፈ ነጭ አንሶላ አቁሞ የበሩን ብርሃን መልሶ ማንጸባረቅም ይቻላል። ኤች ዲ አር የተባለው ዘዴ ደግሞ ልዩ ልዩ ብርሃን ያላቸውን በርካታ ሥዕሎች በተከታታይ አንሥቶ አንድ ያደርጋቸዋል። እርሱ ለቆመ ዕቃ መልካም ነው፤ ለሚንቀሳቀስ ሰው ወይም ለፍየል ግን ሥዕሉን ሊያደበዝዘው ይችላል።

4ኛ፤ የብርሃን ቀለም

ብርሃን ሁሉ ነጭ መስሎ ቢታይም የየራሱ ቀለም አለው። የቀለሙም መለኪያ ኬልቪን ይባላል። የቀትር ፀሐይ 5,500 ኬልቪን ገደማ ነው፤ በጠራ ሰማይ ሥር ያለ ጥላ ከ7,000 በላይ ሆኖ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ሽቦው የሚግለው የድሮ አምፖል ደግሞ 2,700 ገደማ ሆኖ ወደ ብርቱካናማ ያደላል። የሰው ዓይን ይህን ልዩነት ሳያስተውል ያቃናዋል፤ ካሜራውም ዋይት ባላንስ በተባለው ሥርዓት ሊያቃናው ይሞክራል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይስታል።

ይህ ነገር ለላኪዎች ትልቅ ጉዳይ ነው። የታጠበ ጥሬ ቡና በጎነቱ ከሚታይባቸው ምልክቶች አንዱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ቀለሙ ነው፤ ሲያረጅ ወይም አያያዙ ሲበላሽ ይገረጣል፣ ወደ ቢጫም ይለወጣል። እንግዲህ አዲስ ቡና በቢጫ አምፖል ሥር ሲነሣ ያረጀ ቡና መስሎ ይታያል፤ የባሕር ማዶው ገዢም በሥዕሉ ፈርዶ ይሄዳል። በተቃራኒው ያረጀ ቡና በሰማያዊ ጥላ ሥር ሲነሣ አዲስ ይመስላል፤ ናሙናው ሲደርስ ግን እውነቱ ስለሚገለጥ ላኪው ታማኝነቱን ያጣል።

መከላከያው ይህ ነው። ነጋዴው አስቀድሞ ንጹሕ ነጭ ወረቀት፣ ከተቻለም ለዚሁ የተሠራውን ግራጫ ካርድ፣ ከዕቃው አጠገብ በዚያው ብርሃን አስቀምጦ የካሜራውን የነጭ ሚዛን በእርሱ ያስተካክል። ይህን ሥርዓት በማይሰጡ ስልኮች ደግሞ ወረቀቱን በሥዕሉ ጥግ አብሮ ማንሣት ይጠቅማል፤ ገዢው ወረቀቱን አይቶ «ወረቀቱ ቢጫ ከሆነ ቡናውም ከእውነተኛው ይልቅ ቢጫ ሆኗል» ብሎ ሊፈርድ ይችላልና።

በአንድ ሥዕል ውስጥ ሁለት ዓይነት ብርሃን መቀላቀል አይገባም። ከመስኮት የሚገባ የቀን ብርሃንና ከጣሪያ የሚወርድ ቢጫ አምፖል በአንድነት ሲያርፉ፣ የዕቃው ግማሽ ሰማያዊ ግማሹ ብርቱካናማ ይሆናል፤ አንዱን ሲያቃኑ ሌላው ይበላሻል። ስለዚህ ወይ አምፖሉን ማጥፋት፣ ወይ መስኮቱን መጋረድ ነው።

ከሁሉ የከፋው በገበያ ላይ የሚዘረጋው ባለ ቀለም ላስቲክ ነው። ሰማያዊ ላስቲክ የሚያሳልፈው በአብዛኛው ሰማያዊውን ብርሃን ሲሆን ቀዩን ይውጠዋል። የቀይ ብርሃን ያልደረሰው በርበሬ እንዴት ቀይ ሆኖ ሊታይ ይችላል? በሰማያዊ አምፖል ያጣነውን ቀለም በማቃናት ማግኘት እንደማይቻል ሁሉ፣ በላስቲክ ሥር የጠፋው ቀለም ካሜራው ቢቃናም በሙሉ አይመለስም። ከዳሱ ሥር ዕቃውን አውጥቶ በክፍት ጥላ ከማንሣት በቀር ሌላ ብልሃት የለም።

5ኛ፤ የአምፖል ርግብግቦሽ

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል በሰከንድ 50 ዙር ይሠራል። በዚህም ምክንያት የሸምበቆ አምፖሎችና ርካሽ የሆኑ የኤል ኢ ዲ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ዓይን አያየውም፤ ካሜራው ግን መዝጊያው እጅግ ፈጣን ከሆነ በሥዕሉ ላይ ጥቁርና ቢጫ ገመድ የመሰለ መስመር ይጥላል። ይህ መስመር በቆርቆሮ ወይም በጨርቅ ላይ ሲታይ ገዢው የዕቃው ጉድለት ይመስለዋል። በካሜራው ላይ የመዝጊያውን ጊዜ የሰከንድ አንድ አምሳኛ ወይም አንድ መቶኛ ቢያደርጉት መስመሩ ይጠፋል። በስልኩ ማስተካከያ ውስጥም ስለ ርግብግቦሽ 50 እና 60 የሚል ምርጫ ካለ 50 የሚለው ይመረጥ።

6ኛ፤ ጨለማ ባለበት መጋዘን

በጨለማ ስፍራ ካሜራው መዝጊያውን አዘግይቶ ይከፍታል፤ በዚህም ጊዜ እጅ ጥቂት ቢንቀጠቀጥ ሥዕሉ ይደበዝዛል። ያለ ድጋፍ የሚያነሣ ሰው ከሰከንድ አንድ ስድሳኛ በታች ባይወርድ ይሻለዋል። ከዚያ የዘገየ ጊዜ ካስፈለገ ካሜራውን በጆንያ እህል ላይ ማሳረፍ ይገባል፤ ጆንያው ለካሜራው እንደ ትራስ ተመቻችቶ ይይዘዋል። ቁልፉን በጣት ከመጫን ይልቅ የሁለት ሰከንድ መጠበቂያውን መጠቀም መንቀጥቀጡን ፈጽሞ ያስቀራል።

አይ ኤስ ኦውን ከፍ ማድረግ ጊዜውን ቢያሳጥርም፣ ሥዕሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። በሰሊጥና በጤፍ ፎቶግራፍ ላይ ይህ አሸዋ ክፉ ነው፤ ገዢው ጉድፍ ወይም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ይመስለዋል።

ፍላሽን በሚመለከት ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የፍላሽ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ አራተኛ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ ዘጠነኛ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ሜትር ላይ ያለው ጆንያ ሲነጣ፣ ሦስት ሜትር ላይ ያለው በጨለማ ይቀራል። የስልክ ፍላሽ የመጋዘን ክምር ሊያበራ አይችልም፤ ከሁለት ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላለ አንድ ዕቃ ብቻ ይጠቅም ይሆናል።

7ኛ፤ ልዩ ጠባይ ያላቸው ዕቃዎች

የብር ጌጥ፣ የጠርሙስ ዕቃና በፕላስቲክ የታሸገ ሸቀጥ በዙሪያቸው ያለውን ሁሉ እንደ መስተዋት ያሳያሉ። እነዚህን በቀጥታ ፀሐይ ወይም በፍላሽ ማንሣት አንዲት የምታሳውር ነጭ ነጥብ ብቻ ያተርፋል። በነጭ ጨርቅ በሦስት ወገን ከተከለሉ ግን የሚያንጸባርቁት ያንን ነጭ ጨርቅ ስለሚሆን፣ የብሩ ጥበብ በግልጽ ይታያል።

በርበሬ ሌላ ወጥመድ አለው። ቀለሙ ብርቱ ቀይ ስለ ሆነ፣ አጠቃላዩ ብርሃን ልክ መስሎ ሳለ ቀዩ ቀለም ብቻውን ከልክ ያልፍና ሥዕሉ ዝርዝር የሌለው ቀይ ሊጥ ይመስላል። ለበርበሬ ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ያህል መቀነስ የዛላውን መጨማደድና የድቁሱን ቅንጣት ይመልሳል።

ማር ግን ብርሃን ከኋላው ሲመጣ ይወዳል። በብርጭቆ ተቀድቶ ከመስኮት ፊት ለፊት ቢቀመጥ ጥራቱና ቀለሙ ይታያል፤ ከፊቱ ብቻ ቢበራ ነጩም ቀዩም ማር ጥቁር ይመስላል። እነሆ በሦስተኛው ክፍል እንደ ጠላት የተቆጠረው የኋላ ብርሃን ለዚህ ዕቃ ረዳት ሆነ ማለት ነው።

8ኛ፤ ጉምና ጭጋግ

ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር የሚወጣ ሰው፣ ከሞቃቱ ቆላ ተነሥቶ ብዙ ጊዜ ጉም ውስጥ ይገባል። ጉም ራሱ ነጭ ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያው ክፍል የተነገረው ደንብ ለእርሱም ይሠራል፤ ካሜራው እንዳያጨልመው ከግማሽ እስከ አንድ ስቶፕ ይደመራል። ጉም ጥላን ስለሚያጠፋ ለጨርቃ ጨርቅና ለከብት ፎቶግራፍ ጥሩ ነው፤ ርቀትን ግን ስለሚሸፍን ዕቃው በቅርብ ሊነሣ ይገባል። ሌንሱም ከብርድ ወደ ሙቅ ቤት ሲገባ እንፋሎት ሊይዘው ስለሚችል፣ ከማንሣት በፊት በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ መጥረግ አይዘነጋ።

9ኛ፤ ፎቶግራፍ እንደ ምስክር

የንግድ ፎቶግራፍ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ክርክር በተነሣ ጊዜ ዕቃው ሲጫን በምን ሁኔታ እንደ ነበረ የሚያሳይ ምስክር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ይጠበቁ።

አንደኛ፣ ያልተነካው የመጀመሪያው ሥዕል ተለይቶ ይቀመጥ። ብርሃንና ቀለምን ወደ እውነተኛው መልክ ማቃናት የተፈቀደ ነው፤ ዕቃውን ካለበት ደረጃ ከፍ አድርጎ ማሳየት ግን የሐሰት ሚዛን እንደ መያዝ ነው።

ሁለተኛ፣ የካሜራው ሰዓትና ቀን ትክክል ይሁን። ካሜራዎች በብዛት የሚመዘግቡት በኤውሮፓ አቆጣጠር ስለ ሆነ፣ ከኛ አቆጣጠር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያል፤ ሰዓቱም በስድስት ሰዓት ይለያል። ከጧቱ 3 ሰዓት የተነሣ ሥዕል በካሜራው 9 ሰዓት ተብሎ ይመዘገባል። ለገዢ በሚጻፈው ደብዳቤ ላይ ሁለቱም አቆጣጠሮች ቢጠቀሱ አለመግባባት ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ሥዕሉ በቴሌግራም ወይም በመሰል መንገድ ሲላክ ተጨምቆ ጥራቱ ይቀንሳል፤ የተነሣበት ቀንና ሰዓት መዝገብም ከውስጡ ሊወጣ ይችላል። እንደ ፋይል ሆኖ ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። የዕቃው መጠን እንዲታወቅም ማስመሪያ ወይም የአንድ ብር ሳንቲም አጠገቡ ይቀመጥ።

ለልምምድ የሚሆን ሥራ

ይህን ትምህርት በሥራ ለመፈተን የሚሻ ነጋዴ አንድ ነጭ ነጠላ፣ አንድ ግራጫ ካርቶንና አንድ ጥቁር ባና ጎን ለጎን በክፍት ጥላ ይዘርጋ። መጀመሪያ እያንዳንዱን ለብቻው፣ ሥዕሉን ሙሉ እንዲሸፍን አድርጎ ያንሣ፤ ካሜራው ሦስቱንም ወደ አንድ ግራጫ ሊያስጠጋቸው ሲሞክር ያያል። ከዚያ ለነጠላው ደምሮ፣ ለባናው ቀንሶ እንደገና ያንሣ። በመጨረሻም ሦስቱን በሰማያዊ ላስቲክ ሥር፣ በአምፖል ሥርና በበራፍ አጠገብ እያነሣ ያስተያይ። ይህ ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ነው፤ የሚሰጠው ዕውቀት ግን ብዙ ጭነት ከመመለስ ያድናል።

በጥንቱ የአልዩ አምባ ገበያ ጨውና ጨርቅ የሚለዋወጡ ነጋዴዎች ቋንቋቸውና ሃይማኖታቸው ቢለያይም በአንድ ገበያ ያገበያያቸው መተማመን ነበር። አሞሌውም ጨርቁም በፀሐይ ብርሃን ይታይ ነበር። ዛሬም ገዢው ሩቅ ሆኖ የሚያየው በነጋዴው ካሜራ ዓይን ስለ ሆነ፣ ዕቃውን ባለበት መልክ፣ ሳይጨምሩም ሳይቀንሱም ማሳየት የንግድ ሥራ አንዱ ክፍል ሆኗል። ብርሃኑን ያወቀ ነጋዴ ነጩን ነጭ፣ ቀዩን ቀይ አድርጎ ያሳያል፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ያገኛል።